ሻይና ብስኩት ምሳ ነውን?

ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ ገብታችሁ ብትታዘቡ፣ ተማሪ እህቶቻችን ምሳቸው ሻይና ብስኩት ሆኗል። ገንዘብ ያጠራትን ጀመዓው ይርዳት። እኔን የሚያሳስበኝ «ወፈርኩ» ብላ የምትራበዋ ናት። (እናቶቻችን «አማረባት» የሚሉት ሞላ ያለችውን ነበር!) አንዳንዷማ ሰኞና ሐሙስን የምትፆመው ለመቅጠን ነው፤ ሱሑርም አትበላም። ኒያዋን ትመርምር፤ ዒባዳ የክብደት መቀነሻ አይደለም።

የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ ለወንዱ 8 ይበቃዋል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። እንግዲያው ምስር ወጡን በእንጀራ ብሉ፣ ሎሚ ጨምቁበት፣ ሻዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድረስ። ከስታ የወር አበባዋ የቀረባት ግን ዛሬውኑ ሐኪም ትይ፤ እናትም «ምን በላሽ?» ብላ ትጠይቃት።