የሰማዕታት ስም ለጠብ አይዋል



የሰማዕታት ነገር ሲነሣ ስለ አሟሟታቸው ብዙ ይተረካል፤ ከጎረቤቶቻቸው ጋራ እንዴት እንደ ኖሩ ግን ሳይነገር ይታለፋል። ለዚህ በአልጄሪያ የሚገኘው የቲብሂሪን ገዳም መነኮሳት ታሪክ ምስክር ነው።

እነዚህ የካቶሊክ መነኮሳት የኖሩት በሙስሊሞች መንደር መካከል ነው። ከመካከላቸው ሐኪሙ ሉክ የመጣውን በሽተኛ ሁሉ 50 ዓመት ያህል ያለ ዋጋ አክሟል። ገዳሙም ለመንደሩ ሰዎች መስገጃ የሚሆን አዳራሽ ሰጥቷቸው ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ በበረታ ጊዜ ሽሹ ቢባሉ፥ ጎረቤቶቻችንን ትተን አንሄድም አሉ። መጋቢት 18 ቀን 1988 ዓ.ም. ሌሊት ሰባቱ በታጣቂዎች ተወሰዱ፤ በግንቦት ወር መገደላቸው ተሰማ።

አለቃቸው ክርስቲያን ደ ሼርዤ አስቀድሞ በጻፈው ኑዛዜ፥ በእኔ ሞት የአልጄሪያ ሕዝብም ሆነ እስልምና እንዳይወነጀል ሲል አደራ ብሏል። ይህን ያለው ከየዋህነት የተነሣ አይደለም። በወጣትነቱ በአልጄሪያ ወታደር ሳለ፥ ሊገድሉት ከመጡ ሰዎች ያዳነው መሐመድ የተባለ ሙስሊም ወዳጁ በዚሁ ምክንያት ተገድሏልና ነው። እንግዲህ ክርስቲያኑ በሙስሊሙ ሞት የተረፈ ሰው ነበር።

ኅዳር 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው በኦራን ከተማ የብፅዕና ማዕርግ ሰጥታቸዋለች። የእነዚህን ሰዎች ስም እየጠሩ ጎረቤትን በጎረቤቱ ላይ ማነሣሣት ግን አደራ መብላት ነው። የሟችን ኑዛዜ መጠበቅ የቋሚ ዕዳ መሆኑን አንርሳ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ