ፍሙን ማን ያቀጣጥል?



በአሜሪካ ሰመር ሲገባ የወገኖቻችን ግብዣ ከሳሎን ወደ ጓሮ ይወጣል። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ የሃዋይ መልክ ይሰጡታል፦ በአንገት የአበባ ጉንጉን፣ በጠረጴዛ አናናስና ሙዝ (ለአርባ ምንጭ ልጅ ሙዝ ጌጥ ሲሆን ማየት ያስቃል)፣ በከሰል ላይ ዶሮና ዓሣ። «ይህ ለአማኝ ይገባልን?» ብለው የሚጠይቁን አሉ። ስለ አበባው የምንከራከርበት ምክንያት አይታየንም። እኛን የሚያሳስበን ማዕዱ ነው።

ይህ ግብዣ ሉአው ይባላል። ሃዋያውያን ጉድጓድ ቆፍረው በእሳት ድንጋይ ያግላሉ፤ ሥጋውን በቅጠል ሸፍነው፣ አፈር መልሰውበት ለሰዓታት ያበስሉታል። በጥንት ዘመን ግን ወንድና ሴት አብረው አይበሉም ነበር። ካፑ የተባለው ሕግ የአሳማ ሥጋን፣ ኮኮናትንና አብዛኛውን የሙዝ ዓይነት ለሴቶች ይከለክል ነበር፤ ምግባቸው የሚበስልበት ጉድጓድ እንኳ የተለየ ነው። ሕጉን መተላለፍ እስከ ሞት ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1819 ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ከሞተ በኋላ ልጁ ሊሆሊሆ በእናቱ በኬኦፑኦላኒና በንግሥት ካአሁማኑ ግፊት፣ በካይሉዋ በተደረገ ግብዣ ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ በላ። አሮጌው ሥርዓት የፈረሰው በዚያ ማዕድ ነው። ከቦስተን የተነሡት የመጀመሪያዎቹ ሚስዮናውያን የደረሱት ደግሞ በተከታዩ ዓመት፣ በ1820 ነበር።

እንግዲህ ወንጌል ገና ያልተሰበከለት ንጉሥ ይህን ካደረገ፣ ወንጌል የሰማን ሰዎች ማዕዳችንን እንዴት እንይዘዋለን? በገላትያ 2 ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከማዕድ ሲያፈገፍግ ጳውሎስ ፊት ለፊት የተቃወመው ነገሩ የወንጌል እውነት ስለሆነ ነው፤ የምግብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባለ ነበር። በብዙ ቤቶች ወንድሞች ሳሎን ተቀምጠው ስለ ኅብረት ሲወያዩ እኅቶች ጓዳ ናቸው። ስለ ማርታ ሲሰበክም ወቀሳው ለማርታ ብቻ ይደርሳታል፤ ተነሥቶ ያገዛት ወንድ ግን የለም።

ዮሐንስ 21ን እናስታውስ። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ፣ ሌሊቱን ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርት በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍም አዘጋጅቶ፣ ዓሣና እንጀራ ይዞ ጠበቃቸው። ጴጥሮስ የካደው በፍም አጠገብ እንደነበረ ዮሐንስ አስቀድሞ ጽፎልናል። ጌታ ስለ ፍቅሩ የጠየቀው ካበላው በኋላ ነው። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ምግብ ማቅረብን ካልናቀ፣ ሽማግሌ ወይም ፓስተር ከሰል ቢያቀጣጥል ክብሩ የሚቀንስበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ ግብዣውን አድርጉት። ወንዶች እሳቱን ያዙ፣ እኅቶች ይቀመጡ። የአሳማ ሥጋ አንዱን ወገን የሚያስቸግር ከሆነ በግና ዶሮ ይበቃል፤ ሮሜ 14 ለዚሁ ተጽፏል። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ከሰሉን ወደ ቤት ወይም ወደ ጋራዥ አታስገቡ፤ ጢሱ ቢጠፋም ጋዙ ይገድላል።

የምትጠሯቸውን ሰዎች ዝርዝር ስታወጡ ሉቃስ 14ን ክፈቱ። አጸፋውን የሚመልሱላችሁን ብቻ አትጻፉ፤ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣውን፣ ወረቀቱን የሚጠባበቀውን፣ ብቻዋን የምትኖረውን እናት ጨምሩ። መኪና የሌለውን ማን እንደሚያመጣው፣ ማታም ማን እንደሚመልሰው ከወዲሁ ተነጋገሩ።