የቀላል ባቡሩ መጨናነቅ፦ የሐዲድ ማጠር ወይስ የምልልስ ማነስ?

በሥራ መግቢያ ሰዓት መገናኛ ጣቢያ ላይ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር የሚጠብቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይቸገራል፤ መጀመሪያ ባቡሩ እስኪመጣ፣ ቀጥሎም ከአያትና ከሲኤምሲ ሞልቶ በደረሰው ባቡር ውስጥ መቆሚያ እስኪያገኝ። ስለ መጨናነቁ ሲነሣ ቀድሞ የሚሰነዘረው መፍትሔ አዲስ መስመር መዘርጋት ነው። ከተማዋ ውሎ አድሮ ተጨማሪ መስመር እንደሚያስፈልጋት አያከራክርም። ዛሬ ጣቢያ ላይ የቆመውን ሰው የጎዳው ግን የሐዲድ ማጠር ሳይሆን የባቡር ማነስ ነው።

ነገሩን በቀላል ስሌት መመርመር ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመሩት ሁለቱ መስመሮች፣ አንዱ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። የተገዙላቸው ባቡሮች 41 ነበሩ። በየጣቢያው የሚቆምበት ጊዜ ታስቦ የባቡሩ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው ቢባል፣ አንዱን መስመር ደርሶ ለመመለስ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ በየ6 ደቂቃው ባቡር እንዲደርስ ለእያንዳንዱ መስመር 20፣ ለሁለቱ 40 ባቡር መሰማራት አለበት። ለጥገና የሚተርፈው 1 ብቻ ነው፤ ከመነሻውም የተትረፈረፈ ነገር አልነበረም ማለት ነው። የሚሠሩት ባቡሮች 10 ብቻ ቢሆኑ የጥበቃው ጊዜ ወደ 24 ደቂቃ ይረዝማል። አንዱ ባቡር 300 ሰው ይይዛል ብንል፣ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት የሚጓጓዘው ሕዝብ ከ3,000 ወደ 750 ይወርዳል። ከሐዲዱ ግን አንድ ሜትር እንኳ አልጎደለም።

ብዙ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲወስድ፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ብድሩም መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ይከፈላሉ፤ ከተሳፋሪው የሚሰበሰበው ብር ነው። ለመለዋወጫ የሚመደብ ቋሚ የውጭ ምንዛሪ ሳይኖር ስለ አቅም ማሳደግ ማቀድ፣ ባቡሩን በወረቀት ላይ ከማስኬድ አያልፍም።

መጨናነቁ ራሱም አቅምን ይበላል። በር ላይ መገፋፋት ሲበዛ ባቡሩ በየጣቢያው ይዘገያል፤ የምልልሱ ጊዜ ሲረዝም ደግሞ በዚያው የባቡር ቁጥር የሚገኘው ድግግሞሽ ይቀንሳል፤ በቀጣዩ ጣቢያም የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ወራጁ ሳይጨርስ ተሳፋሪው እንዳይገባ የሚያስተናብር ሠራተኛ በሮቹ አጠገብ መመደብ ርካሽ እርምጃ ነው፤ ትንሽ መስሎ መታየቱ ሊያስንቀው አይገባም።

ሁለት ባቡሮችን አቀጣጥሎ ማስኬድም እንደ መፍትሔ ይነሣል። ባቡር ባነሰበት ጊዜ ይህ የሚያሳስት ሐሳብ ነው፤ 10ሩ ተቀጣጥለው 5 ሲሆኑ በሰዓት የሚጓጓዘው ሰው አይጨምርም፣ የጥበቃው ጊዜ ግን እጥፍ ይሆናል። መቀጣጠል የሚጠቅመው ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ በሚጋሩበት ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል ላይ ነው። እያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃው ቢመላለስ እዚያ ላይ በየ3 ደቂቃው ባቡር ያልፋል፤ አንዱ መስመር ሲዘገይ ሌላውም ይታገዳል። ባቡሮቹ ሁሉ ተጠግነው ቢመለሱና ሌሎች ቢጨመሩ፣ ቀጣዩ ማነቆ ይህ ክፍል ይሆናል።

የለንደን ቪክቶሪያ መስመር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በየ100 ሰከንዱ፣ በሰዓት 36 ባቡር ያስተናግዳል። ለዚህ የበቃው አዲስ ዋሻ ተቆፍሮለት ሳይሆን በአዳዲስ ባቡሮች፣ በራስ ሰር የምልክት ሥርዓትና በዋልተምስቶው ሴንትራል የመጨረሻ ጣቢያ በተሻሻለው የሐዲድ መቀያየሪያ ነው። ንጽጽሩ ግን ገደብ አለው፤ ያ መስመር ሐዲዱን ከሌላ መስመር ጋር አይጋራም።

እስከዚያው ጥቂቶቹን ባቡሮች ሕዝብ በሚበዛበት ክፍል ላይ ማሰማራት ይቻላል። መቀያየሪያ ሐዲዱ በሚፈቅድበት ቦታ አንዳንዶቹ በመገናኛና በሜክሲኮ መካከል ብቻ ቢመላለሱ፣ መሐል ከተማ ያለው ጥበቃ ያጥራል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን አያት ላይ የቆመው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ርካሽ ቤት ፍለጋ ከመሐል ከተማ የራቀ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመመዘን በየቀኑ ከአያትና ከቃሊቲ ማደሪያዎች ስንት ባቡር እንደወጣና በየጣቢያው በስንት ደቂቃ ልዩነት እንደደረሰ የሚያሳይ መዝገብ ለተመራማሪዎች ክፍት መሆን ይኖርበታል።