የኅሊና ሥዕል ሐኪምን አይተካም

ሰው ከነፍስና ከሥጋ የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ ኅሊናው ሲታወክ ሥጋው ይደክማል፤ ኅሊናው ሲያርፍም ሕመሙ ይቀልለታል። በዚህም መሠረት አንዳንድ ሐኪሞች በሽተኛውን ዐይኑን አስከድነው፥ ደስ የሚያሰኘውን ስፍራ በኅሊናው እንዲሥል በቃል እየመሩ ከጭንቀቱ ያሳርፉታል። በሽተኛው የመንዝ ሰው ቢሆን የጓሳን ሜዳ ከነጉሙ ያያል፤ የመርሐቤቴ ሰው ቢሆን የጀማን ወንዝ ድምፅ ይሰማል። ይህ ጥበብ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ወሰኑን ያለፈ እንደ ሆነ ነው።

ወሰኑን የሚያሳልፉት ሰዎች ግን፥ «ደዌህ ሲጠፋ በኅሊናህ ተመልከት፤ ይጠፋልሃል» ይላሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ካርል ሲሞንተን ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፥ የካንሰር በሽተኞች የደማቸው ነጭ ሕዋሳት እንደ ሠራዊት ደዌውን ሲያጠፉት በኅሊናቸው እንዲሥሉ አስተማረ። እርሱ ራሱ የተለመደውን ሕክምና ተዉ አላለም፤ ትምህርቱን ያጋነኑት ግን ተስፋውን ከማስረጃው አስቀደሙ።

ነገሩ ግን በምርመራ ተፈተነ። በ1989 ዴቪድ ስፒግል የጡት ካንሰር የተሠራጨባቸውን 86 ሴቶች መርምሮ፥ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ የተጽናኑትና ሕመምን በኅሊና ማስታገሥን የተማሩት ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ዕድሜ መኖራቸውን ገለጠ። ብዙ ሰውም ተደነቀ። ዳሩ ግን በ2001 ፓሜላ ጉድዊን በካናዳ ከባልደረቦችዋ ጋር 235 ሴቶችን ብትመረምር፥ ሕመማቸውና ጭንቀታቸው ቀለለ እንጂ ዕድሜያቸው አልረዘመም። ስፒግልም በ2007 ደግሞ ቢፈትነው፥ በጠቅላላው የዕድሜን መርዘም አላገኘም። በ2011 ስለ ጡንቻና ስለ አጥንት ሕመም የተደረጉ 9 ፈተናዎች ሲመዘኑ፥ 8ቱ የኅሊና ሥዕል ሕመምን እንደሚቀንስ አመለከቱ፤ መዛኞቹ ግን ማስረጃው ተስፋ የሚሰጥ እንጂ የሚያስቈርጥ አይደለም አሉ። እንግዲህ ማጽናናት ሌላ፥ ማዳን ሌላ ነው።

ከዚህም የሚከፋው፥ በሽተኛው ያልዳነ እንደ ሆነ «አሳብህ ስለ ደከመ ነው» መባሉ ነው። በደዌ ሸክም ላይ የበደለኛነት ሸክም መጨመር ሕክምና አይባልም፤ ግፍ ነው።

ይህ ነገር የባሕር ማዶ ጉዳይ ብቻ አይምሰል። በሰሜን ሸዋ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ነው፤ በዚያ የሚያገኘውንም የነፍስ ዕረፍት የሚክድ የለም። ነገር ግን ከግሼ የመጣ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ፥ ሕመሙ ጥቂት ሲቀልለው «ድኛለሁ» ብሎ ለ6 ወር የታዘዘለትን ኪኒን ቢያቋርጥ፥ ደዌው በርትቶ ይመለስበታል፤ መድኃኒቱንም የሚቋቋም ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጣራ ሥር ለሚያድሩት ልጆቹም ይተርፋል። በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ በይፋ መናገራቸው ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ነው።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን ብቻ ይዞ ወርቁን አገኘሁ ቢል መምህሩ ይመልሰዋል። ዕረፍትን ፈውስ ነው የሚለውንም እንዲሁ ሊመልሱት ይገባል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ተብሏልና፥ ካህኑም ሆነ የተማረው የከተማ ሰው በሽተኛውን ያጽናናው፤ ነገር ግን እጁን ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል ያድርሰው። መልካሙን ሥዕል በመንገድ ላይ ሊያወሳለት ይችላል፤ መንገዱን ግን አያስቀረው።