የሲሶ ክርስቲያን

በዛሬ ወጣቶች ዘንድ «እገሌ ራሱን ለእግዚአብሔር የሰጠ ልጅ ነው» የሚል ምስጋና በብዛት ይሰማል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ነገር ግን «በምን ዐወቃችሁ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መዝሙር ሲዘመር ዕንባው ይፈሳል፤ ዐርብ ማታ ለጸሎት ያድራል፤ ጾም አይገድፍም፤ በስልኩ ላይ ጥቅስ ሳይለጥፍ አይውልም። ይህን ሁሉ ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት በመዝሙርና በጸሎት ያደግሁ፣ ከዚያም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠመኔ ይዤ የኖርሁ ሰው ነኝ። የምነቅፈው ይህ ሁሉ ከተቈጠረ በኋላ ስለ ልጁ ሰኞ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱን ነው። ሰኞ በፈተና አዳራሽ ዓይኑ ወዴት ይሄዳል? የተዋሰውን መጽሐፍ መልሷል ወይ? ለአሠሪው የተናገረው ነገር እውነት ነው ወይ? እነዚህ የመንፈሳዊነት ጥያቄዎች አይደሉም ተብለው ወደ ጎን ተትተዋል፤ እኔ ግን ዋነኞቹ እነርሱ ናቸው ብዬ እከራከራለሁ።

ሙሴ ለእስራኤል ያስተማረው፣ ጌታችንም ከትእዛዛት ሁሉ ታላቁ የቱ እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ያጸናው ትእዛዝ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድ ነው። ነገሩ የተበላሸው «ልብ» የሚለውን ቃል የዕንባና የሙቀት ማደሪያ ብቻ አድርገን መተርጐም የጀመርን ጊዜ ነው። በዕብራይስጥ ቃሉ የሚያመለክተው ሰው የሚያስብበትን፣ የሚመርጥበትንና የሚቈርጥበትን የውስጥ ስፍራ ጭምር ነው። ዳሩ ግን እስከ ዕብራይስጥ መሄድም አያስፈልግም፤ የገዛ ቋንቋችን ይበቃል። ልጁን «ልብ አድርግ» የሚል አባት አስተውል ማለቱ ነው እንጂ አልቅስ ማለቱ አይደለም። ልባም የምንለው አስተዋዩን፣ ልበ ቢስ የምንለው የነገሩትን የሚዘነጋውን ነው። ሲያጠፋ የኖረ ጐረምሳ ተመልሶ ሥራውን መሥራት ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ «ልብ ገዛ» ይለዋል። እንግዲህ ፍጹም ልብ ማለት ሙሉ ማስተዋል፣ ሙሉ ፈቃድ፣ ሙሉ ቁርጥ ሐሳብ ማለት ነው። ዕንባ ቢጨመርበት መልካም፤ ባይጨመርበትም ምንም አይጐድልበት። ደግሞም ይህን ፍጹም ልብ የሚጠይቀው የኦሪት ዘዳግም መጽሐፍ ራሱ፣ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ታላቅና ታናሽ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ በአንድ ከረጢት መያዝን ይከለክላል። ልብንና ሚዛንን ያገናኘው መጽሐፉ ነው እንጂ የእኔ ፈሊጥ አይደለም።

የዛሬው ሃይማኖተኛ ከእግዚአብሔር ጋር ያለውን ውል ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የድሮው የጭሰኛ ውል ነው። እናንተ አልደረሳችሁበትም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ቀርቷል። ከዚያ በፊት የሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ እንደየአገሩ ልማድ ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። ባለመሬቱ ድርሻውን ከአውድማው ካስጫነ በኋላ የቀረው እህል የገበሬው ነው። (ባለመሬቱ ሌላም ብዙ ነገር ያስገብር እንደ ነበር ዐውቃለሁ፤ እዚህ የምናገረው ስለ ምርቱ ብቻ ነው።) ብዙ ክርስቲያኖች እግዚአብሔርን እንዲህ ያለ የሲሶ ባለመሬት አድርገውታል። እሑድ ጧት የእርሱ ነው፤ ዐሥራቱ የእርሱ ነው፤ ጾሙና መዝሙሩ የእርሱ ነው፤ የቀረው ግን የእኔ ጎተራ ነውና ከዚያ አይግባ ይላሉ። ዐሥራት የሚከፍል ነጋዴ ከዐሥር አንዱን በሰጠ ጊዜ የቀሩት ዘጠኙ ከየት እንደ መጡ የማይጠየቅበት ደረሰኝ የተቀበለ ይመስለዋል። የዐሥራት ትርጉሙ ግን ዐሥሩም የእግዚአብሔር መሆናቸውን በአንዱ መመስከር ነበር።

ሐናንያና ሰጲራን አስታውሱ። መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ጥቂት አስቀርተው የቀረውን በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖሩ። ጴጥሮስ ለምን ሁሉንም አላመጣችሁም ብሎ አልወቀሳቸውም፤ እንዲያውም መሬቱም ገንዘቡም በእጃቸው እንደ ነበረ፣ ማንም እንዳላስገደዳቸው ነገራቸው። የሞቱት ሲሶውን ሙሉ ነው ብለው ስላቀረቡ ነው። በየጉባኤያችን ይህ ታሪክ ሲነበብ የገንዘብ መስጠት ትምህርት ይደረጋል፤ እኔ ግን ሳነበው የሚታየኝ ግማሽ ሕይወቱን ይዞ መጥቶ «ሁሉን ለአንተ ሰጠሁ» ብሎ የሚዘምር ጉባኤ ነው።

ይህ ውል የት እንዳደረሰን ለማየት ገበያ መውጣት ይበቃል። በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ በቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በእንጀራ ውስጥ ጄሶ ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ወሬ ሰምተን ተሰላችተናል። ያን ቅቤ የሚያዘጋጀው ሰው የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ቅቤ በአፉ ሳያዞር ጾሞ ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ያልቀመሰውን ለጎረቤቱ የፋሲካ ዶሮ ሙዝ ቀላቅሎ ይሸጥለታል። እኛ ወንጌላውያንም በዚህ ላይ አንሣቅ። ሌሊቱን ሲጸልይ አድሮ በማግሥቱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንቅልፉን የሚተኛ፣ ባለጉዳይ ደጅ የሚያስጠና ወንድም በመካከላችን ሞልቷል። ከገጠር መጥታ ከደጁ ላይ ስትጠብቅ የዋለችውን አሮጊት የሰዓቷን ዋጋ ማን ይክፈላት?

ለእናንተ ግን ቅርብ የሆነው የፈተናው ነገር ነውና በእርሱ ላይ ልቆይ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወረቀት አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላም መልስ በስልክ መቀባበሉ አልቀረም። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተፈታኞቹ ከየትምህርት ቤታቸው ተነሥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲያድሩ ተደርጎ፣ ስልክ ተከልክሎ ተፈተኑ። ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ኩረጃ ብቻ ነው አልልም። ጦርነት ነበረ፤ ትምህርት ቤት ያዘጋ ወረርሽኝ ነበረ፤ የማስተማሩም ድካም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስልኩ በተወሰደ ጊዜ ከስልኩ ጋር አብሮ የሄደው ምን እንደ ሆነ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ያየ ሁሉ ያውቃል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከሀገራችን ሕዝብ ከመቶ 62 የሚበልጠው ክርስቲያን ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። እንግዲህ መልስ ይቀባበሉ ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ ከእኛው ቤት የወጡ፣ በፈተናው ዋዜማ እስክሪብቷቸውን ይዘው የተጸለየላቸው ናቸው። በዚህ ነገር እጅግ የሚያሳዝነኝ ኩረጃው ራሱ አይደለም፤ ሰው ይደክማል፣ ይፈራልም። የሚያሳዝነኝ ከኩረጃው በኋላ የሚቀርበው ምስክርነት ነው። የባልንጀራውን ወረቀት ገልብጦ ያለፈ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ «ጌታ አሳለፈኝ» ሲል ጉባኤው ያጨበጭብለታል፤ ወይም ለስለቱ ጃንጥላ ይዞ ወደ ደብሩ ይሄዳል። እግዚአብሔርን በሕዝብ ፊት የሌብነቱ ተባባሪ አድርጎ መጥራቱ ነው፤ ያጨበጨብነውም አብረን ጠርተነዋል።

በዚህ ጊዜ «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ነገሩ የተነገረው ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት የታላቁን ልጅ መልክና ቁመት አይቶ ይህ ነው ባለ ጊዜ፣ የውጭ መልክ እንዳያታልለው ነበር። ዛሬ የሚያታልለን ቁመት ሳይሆን የተዘረጋ እጅና የተጨፈነ ዓይን ነው። ሌላው መልስ «የምንድነው በጸጋ ነው እንጂ በሥራ አይደለም» የሚለው ነው፤ ይህን በተለይ እኛ የሚሲዮን ልጆች እንወደዋለን። እኔም አምነዋለሁ፤ ያለ እርሱ ተስፋ የለኝም። ነገር ግን ጸጋን እየጠቀሰ ሚዛን የሚያጓድል ሰው ጳውሎስን ለምስክርነት አይጥራ። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በስድስተኛው ምዕራፍ ይህንኑ ጥያቄ ራሱ አንሥቶ ራሱ ዘግቶታል፤ ለኤፌሶን ሰዎችም ስለ ጸጋ በጻፈበት በዚያው ደብዳቤ ሌባው መስረቁን ትቶ በእጁ እንዲሠራ አዝዞታል።

ወጣት ደግሞ «ለሃይማኖቴ አንገቴን እሰጣለሁ» ማለት ይወዳል። አንገታቸውን የሰጡ ሰዎች በሀገራችን አልጠፉም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኢጣልያኖች ጥይት ተረሸኑ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከሀገር የመውጫ መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ እንቢ ብለው ቆይተው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። በመካከሉ 43 ዓመት አለ፤ ቀኖቹ ግን ጎን ለጎን ናቸው፤ ስለዚህ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ሁለቱን አንድ ላይ አስባቸዋለሁ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ልዩነትም በዚያ ጊዜ ትዝ አይለኝም። እንዲህ ያለው «እንቢ» በአንድ ቀን የሚገኝ አይመስለኝም፤ በትንንሽ ነገር እንቢ ማለትን የለመደ አፍ ነው በትልቁ ቀን የሚችለው። ለአምላኩ ሁለት ነጥብ መስጠት ያቃተው ልጅ ስለ አንገቱ ቢፎክር ማን ያምነዋል?

ፍጹም ልብ ፉከራ በሌለበት ስፍራ ምን እንደሚመስል ለማየት ለምትፈልጉ ሌላ ሰው ላሳያችሁ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አቡ ሩሚ የሚባል የሀገራችን ሰው በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰ። አብሮት የሠራው አስሊን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ነበረ። ሹሙ እንደ ተናገረው ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ቀስ ብለው እያነበቡ፣ ከባዱን ቃል እያስረዳው፣ ሥራው ተፈጸመ። የእጅ ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ሆነ። አቡ ሩሚ መታተሙን ሳያይ ሞተ፤ ሙሉው መጽሐፍ የታተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ነው። በነዚያ ማክሰኞዎች ሁሉ ልቡ ይሞቅ እንደ ነበር የጻፈልን የለም። ምናልባት በኦሪት ዘሌዋውያን መካከል ሰልችቶት ይሆናል፤ ማንስ አይሰለች? የምናውቀው ግን ቅዳሜ ሲመጣ ብዕሩን ይዞ መቀመጡን ነው። በኋላም ከባርነት ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ለኦሮምኛ ቋንቋ እንዲሁ ደከሙ፤ የእነርሱም መጽሐፍ ቅዱስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ታተመ። ቃል መልቀም፣ ቃል መመዘን፣ የተሳሳተውን መፋቅ፤ ይህ በመድረክ ላይ የሚታይ ነገር አይደለም፤ የሚያጨበጭብለትም የለም።

የመጨረሻው ክርክር ከሁሉ የበረታ ነውና ንቄ አላልፈውም። «ሁሉም በሚኮርጅበት አዳራሽ እኔ ብቻዬን ብተው የምወድቀው እኔ ነኝ፤ የሚራበውም የእናቴ ቤት ነው» የሚለው ነው። ለዚህ አንዳንድ ሰባኪዎች «አንተ ብቻ ታመን፤ እግዚአብሔር በእጥፍ ይከፍልሃል» ብለው ያጽናናሉ። ይህም ያው የሲሶ ውል ነው፤ ወለድ ታስቦበት የሚሰጥ ታማኝነት አራጣ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ተስፋ አልሰጣችሁም። ልትወድቁ ትችላላችሁ። የኮረጀው ባልንጀራችሁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እናንተ ቤት ልትቀመጡ ትችላላችሁ። እናቱን ከጉሊት ለማሳረፍ የሚጓጓ የድኻ ልጅ ይህን መክፈል ቀላል ነው የሚለው ሰው ድኽነትን አያውቅም። ቢሆንም እግዚአብሔር የጠየቀው ልብ ዋጋው እየታወቀ የሚሰጠውን ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ሳስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት፣ በፈተና መካከል የተወረወረላትን የመልስ ወረቀት ሳትከፍት አንሥታ እጄ ላይ ያኖረች ልጅ ነበረች። «ጋሼ፣ የእኔ አይደለም» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ የወረወረውንም አልጠቆመችም። በዚያ ዓመት እርሷ አላለፈችም፤ ከአጠገቧ ከተቀመጡት ያለፉ ነበሩ። እንደገና ለመፈተን ቤተሰቧ አቅም ስላልነበረው ልብስ ስፌት ተማረች፤ ዛሬም ከዚያው ሥራ ላይ ናት። ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ አግኝቻት ቆመን ስንጫወት ያወራችኝ ስለ ልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ መወደድ ነበር። ስለዚያ ወረቀት ባነሣባት ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።