ከክትባት በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ምን ይነግረናል?

የዘጠኝ ወር ልጃችሁ የኩፍኝ ክትባቱን ወስዶ ደህና ሲጫወት ሰነበተ እንበል። በሳምንቱ ግድም ድንገት ሰውነቱ ያተኩሳል፤ ይነጫነጫል። ዱርቤቴም ኑሩ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም፣ ከአያት አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፦ «ደህናውን ልጅ አስወግታችሁ አሳመማችሁት!» ከዚያ ወዲያ በ15ኛው ወር ለሚሰጠው ሁለተኛ ክትባት እግር ይከብዳል።

ይህ ትኩሳት የሚጠበቅ ነው። የኩፍኝ ክትባት የሚሠራው ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ ሰውነት እስኪነቃበት ጥቂት ቀናት ይወስዳል። ከመቶ ተከታቢ ሕፃናት ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ያተኩሳሉ። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል።

ነጭ የደም ሴሎች እንግዳ ነገር ሲያገኙ የኬሚካል መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ አንጎል ሲደርስ የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፤ ጉበት ሲደርስ ደግሞ ሲአርፒ የተባለው ፕሮቲን ይመረታል። ሲአርፒ በሰዓታት ውስጥ መጨመር ጀምሮ በሁለት ቀን ገደማ ጣሪያ ይነካል፤ መንስኤው ሲወገድም ፈጥኖ ይወርዳል። ኢኤስአር የተባለው ምርመራ ግን ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሁለቱም «ብግነት አለ» ይላሉ እንጂ ያመጣው ምን እንደሆነ አይናገሩም። ክትባት ብቻውን ሲአርፒን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ አለ ተብሎ ብቻ አንቲባዮቲክ አይጀመርም፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም።

ትኩሳቱ ሲያልፍ ዋናው ሥራ ይቀጥላል። ከተከተበ ሁለት ሳምንት አካባቢ በልጁ ደም ውስጥ ኩፍኝን የሚለዩ አንቲቦዲዎች ይታያሉ፤ በአራተኛው ሳምንት ግድም ብዛታቸው ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። የቀሩት የትውስታ ሴሎች ጠላታቸውን ለዓመታት አይረሱም። እ.ኤ.አ. በ1846 ፋሮ በተባሉት ደሴቶች ኩፍኝ ሲገባ፣ ፓኑም የተባለው ዴንማርካዊ ሐኪም ከ65 ዓመት በፊት ኩፍኝ ይዟቸው የዳኑ ሽማግሌዎች ዳግመኛ እንዳልተያዙ መዝግቧል።

«ታዲያ በሽታው ራሱ ይዞት ቢያልፍስ?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ኩፍኝ ግን ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ ሳይከተቡ ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ለሌሎች በሽታዎች ካከማቹት አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን እንዳጡ አሳይቷል። ልጁ ከኩፍኝ ቢድንም በሌላ በሽታ በቀላሉ ይጠቃል። ክትባቱ ይህን ጉዳት አያስከትልም።

ሁለተኛው ዙርም ትርፍ አይደለም። ልጁ ከእናቱ የወረሰው አንቲቦዲ በዘጠነኛው ወር ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ስለሚችል የመጀመሪያው ክትባት የሚይዘው ከመቶ ሕፃናት ለ85 ያህሉ ነው። ለቀሪዎቹ ሁለተኛው ዙር መድኅናቸው ነው።

ልጅዎ ካተኮሰ ልብሱን ያሳሱለት፤ ጡት ደጋግመው ያጥቡት፤ ካስፈለገም ባለሙያ በክብደቱ ልክ ያዘዘውን ፓራሲታሞል ይስጡት። አስፕሪን አይስጡት። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም መተንፈስ ከቸገረው ግን ክትባት ነው ብለው ሳይዘናጉ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የክትባት ካርዱን አብረው ይያዙ፤ የተከተበበት ቀን ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ለአያትም ያስረዷቸው፤ የ15ኛው ወር ቀጠሮ እንዳይታለፍ ከማንም በላይ የሚያስታውሱት እሳቸው ይሆናሉ።