ከቀለሙ በፊት



ከኮተቤ ወደ ካራ ስንወጣ ጥገናቸው ሳያልቅ በየጋራዡ የቆሙ አሮጌ መኪኖች እናያለን። ባለቤቱ «መቼ ትደርሳለች?» ሲል መልሱ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ነው። የአላህን ስም ለማንፈጽመው ቀጠሮ መሸፈኛ ማድረግ አይገባንም።

መዘግየት ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር የተሠራችውን ኤም ጂ ቢ የተባለች የስፖርት መኪና እንመልከት። ይህች መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚችለው ቦዲዋ ራሱ ነው። ዝገት ደግሞ ከበሮቿ ሥር ያለውን ላሜራ ከውስጥ ይበላዋል። የተበላው ተቆርጦ አዲስ ካልተበየደ ጥንካሬ አይኖራትም፤ ይህም ጊዜ ይፈጃል። በስቱኮ ደፍኖ የሚቀባ ሰው ግን ቶሎ «አለቀች» ይላል። መኪናዋ ታብረቀርቃለች፤ አደጋው ከቀለሙ ሥር ነው።

ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚጀምረው ሚዛን የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ነው። በዚሁ ሱራ 14ኛ አንቀጽ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) የሰዎች ክፉ ሥራ በልቦቻቸው ላይ እንደ ዝገት መደረቡን ይነግረናል። የብየዳ ዋጋ ተቀብሎ ስቱኮ የሚሰጥ ባለሙያ ከሚዛን አጉዳይ በምን ይለያል? እርሱ የሚያጎድለው የሰው ሕይወት ነው።

ወጣት ወንድሞቻችን ሆይ! ዝገቱን ለባለቤቱ አሳዩት፤ የሚፈጀውንም ጊዜ ቁርጡን ንገሩት። ባለቤቱም ታግሦ ይጠብቅ፤ የሠራተኛውን ዋጋ ግን ላቡ ሳይደርቅ ይክፈል። ቀልባችንም እንዲሁ ነው፤ ተውባ ዝገቱን መፋቅ እንጂ ላዩን መቀባት አይደለም።

ወላሁ አዕለም።